ከአስፋልት ወደ ፒስታ፦ ሆንዳ ሲቢ 500 ኤክስ በአዲስ አበባ ዙሪያ

ረቡዕ

አዲስ አበባ ውስጥ 500 ሲሲ ሞተር ማግኘት ቀላል አይደለም። ከተማው በ150 እና በ200 ሲሲ ሞተሮች የተሞላ ነው። ከዚያ ከፍ ያለው ወይ የኤምባሲ ነው፣ ወይ የእርዳታ ድርጅት ነው፣ ወይ ደግሞ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ የተቀመጠ የግል ንብረት ነው። አንድ ወዳጄ ከአገር ሊወጣ ነው። ሆንዳ ሲቢ 500 ኤክስ አለው። «ወስደህ እንደፈለግክ ንዳው፤ ከወደድከው እንነጋገራለን» ሲለኝ ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ጠየቅኩ።

የምፈልገውን አውቃለሁ። በአዘቦት ቀን ከለገጣፎ መገናኛ የሚያመላልሰኝ፣ ቅዳሜና እሑድ ፒስታ የሚገባልኝ፣ ከኋላ ሰው ጭኖ ዳገት የሚወጣ አንድ ሞተር እፈልጋለሁ። ለእያንዳንዱ ሥራ የተለየ ሞተር የመግዛት አቅም የለኝም። ብዙዎቻችንም የለንም። ስለዚህ ይህ ሙከራ ለእኔ መዝናኛ ብቻ አይደለም። የዓመታት ቁጠባዬ ያለበት ጉዳይ ነው።

መጀመሪያ ያየሁት ወረቀቱን ነው። ሊብሬ፣ ቦሎ፣ የሦስተኛ ወገን መድን፣ የከተማው ፈቃድ። የመጨረሻው ዋናው ነው። ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ፈቃድ ሞተር መንዳት ታግዷል። ሊገዛ ያሰበ ሰው ኪሎ ሜትሩን ከማየቱ በፊት ይህን ይጠይቅ።

ቀጥሎ ሞተሩ። እ.ኤ.አ. የ2019 ሥሪት ነው። ጎን ለጎን የተደረደሩ ሁለት ሲሊንደሮች፣ 471 ሲሲ፣ 47 የፈረስ ጉልበት፣ ስድስት ማርሽ። ነዳጅ ሞልቶ 200 ኪሎ ሊደርስ ትንሽ ነው የሚቀረው። ቁጥሩ 47 ላይ የቆመው በአጋጣሚ አይደለም። አውሮፓ ውስጥ ኤ2 የሚባለው የመንጃ ፈቃድ ደረጃ የሚፈቅደው እስከ 35 ኪሎዋት ነው። ያ በፈረስ ጉልበት ሲሰላ 47 ይሆናል። ለእኔ ግን ከጉልበቱ ይልቅ የፊት ጎማው ይበልጣል። ሞዴሉ እ.ኤ.አ. በ2013 ሲወጣ የፊት ጎማው 17 ኢንች ነበር። በ2019 ወደ 19 ኢንች አሳደጉት፤ የሾኮቹንም ጉዞ አስረዘሙት። ትልቅ ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ቶሎ አይሰምጥም፤ ድንጋይም ሲገጥመው ከመጋጨት ይልቅ ወደ ላይ ይወጣል። የእኛን መንገድ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

መቀመጫው ከመሬት 83 ሴንቲሜትር ነው። ሁለቱም እግሮቼ መሬት ይነካሉ፤ ተረከዜ ግን ትንሽ ከፍ ይላል። አመሻሽ ላይ ቀስ ብዬ ወደ ቤት ነዳሁት።

ሐሙስ፦ ሱሉልታ፣ ጫንጮ፣ ዱርባ

ከከተማ ስወጣ ከነዳጅ በፊት የማጣራው የመንገዱን ሰላም ነው። ማታውኑ በዚያ መስመር ለሚመላለስ የጭነት መኪና ሾፌር ደውዬ ነበር። «ሰላም ነው፤ ግን ሳይመሽ ተመለስ» አለኝ።

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ አዲሱ ገበያን አልፌ ሽቅብ ጀመርኩ። የኅዳር ብርድ ጓንት አልፎ ጣት ይነክሳል። መንገዱ በእንጦጦ ተራራ ትከሻ ላይ ተጠማዞ ይወጣል። ለሙከራ ከዚህ የተሻለ ዳገት የለም። ምክንያቱ ደግሞ አየሩ ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ነው ያለችው። እዚህ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው አንድ አራተኛ ያህል ያነሰ ነው። አየር ሲያንስ የሚቃጠለው ነዳጅም ያንሳል፤ ጉልበትም አብሮ ይወርዳል። ወረቀት ላይ 47 የተባለው የፈረስ ጉልበት መገናኛ ላይ 35 ግድም ነው ማለት ነው። እንጦጦ ጫፍ ላይ ከዚያም ይቀንሳል። ቆላ ላይ የተሞከረ ሞተር ዘገባ አንብቦ እዚህ መግዛት ሰውን ያሳስታል።

ካርቡራተር ያለው ሞተር ሌላም ችግር አለበት። አየሩ ሲሳሳ ካርቡራተሩ ነዳጁን በዚያው ልክ አይቀንስም። ድብልቁ ይወፍራል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፤ ሚኒሞው፣ ማለትም ነዳጅ ሳይሰጡት ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት፣ ይረበሻል። መካኒኩ ነዳጅ የሚያልፍበትን ጂግለር አነስተኛ ቀዳዳ ባለው ይቀይረዋል። ከዚያ አዋሽ ድረስ ሲወርዱ ደግሞ በተቃራኒው ድብልቁ ይሳሳል። ይህ ሆንዳ ነዳጁን የሚረጨው በኤሌክትሮኒክስ እየለካ ነው። የጠፋውን ጉልበት አይመልስም። ግን በዚያ ውርጭ አዝራሩን ስነካው ወዲያው ተነሳ፤ ሚኒሞውም አልተንቀጠቀጠም።

ዳገቱ ላይ ጭነት ከያዙ አይሱዙዎች ኋላ ገባሁ። አራተኛ ማርሽ ላይ ነዳጅ ስሰጠው ለመነሳት ትንሽ ያስባል። የዚህ ሞተር ጉልበት ያለው ከፍ ባለ ዙር ላይ ነው። ከ5,000 ዙር በታች የተረጋጋ ነው፤ ከዚያ በላይ ግን ይነቃል። ወደ ሦስተኛ ስመልሰው ነገሩ ተለወጠ። በራሴ 150 ሲሲ እዚህ መንገድ ላይ አንድ አይሱዙ ለማለፍ ረጅም ባዶ መንገድ እጠብቃለሁ። ከግማሽ በላይ ካለፍኩ በኋላ ከፊት መኪና ሲመጣ የሚሰማኝን ስሜት ሞተረኛ ሁሉ ያውቀዋል። ዛሬ ያ ስሜት የለም። አየሁ፣ ወጣሁ፣ አለፍኩ፣ ተመለስኩ። መካከለኛ ሞተር ለፍጥነት ሳይሆን ለዚህ ነው የሚያስፈልገው። አደጋ ላይ የሚቆዩበትን ጊዜ ያሳጥራል።

ሱሉልታ ሜዳው ላይ ሯጮች የመንገዱን ዳር ይዘው ይሮጣሉ። ነፋሱ ከጎን ይመታል። የፊት መስታወቱ ደረቴን ይከላከልልኛል፤ ሄልሜቴን ግን ነፋሱ ያገኘዋል። እኔ ቁመቴ 1.78 ነው። አጠር ያለ ሰው ምናልባት ሙሉ በሙሉ ይደበቅ ይሆናል።

ጫንጮ ላይ ፍርፍር በልቼ ወደ ግራ ታጠፍኩ። የዱርባ መንገድ የሲሚንቶ ጫኝ መኪኖች መንገድ ነው። ከባድ መኪኖቹ አስፋልቱን በጎማቸው ልክ አስርጉደውታል። ቦዩ ውስጥ ከገቡ መውጣት ጥንቃቄ ይፈልጋል። የፊት ጎማው ሰፊ ስላልሆነ፣ 110 ሚሊ ሜትር ነው፣ መሪውን ሳይነጥቀኝ ከቦይ ወደ ቦይ ተሻገረ። ይህን በጣም ወደድኩለት።

ዱርባ ላይ መሬቱ ድንገት ያልቃል። የሙገር ሸለቆ ከእግር ሥር ይከፈታል። ጭላዳዎች ገደሉ ጫፍ ላይ ሣር ይነቅላሉ። አንድ አዛውንት በትራቸውን ተደግፈው ሞተሩን ዞሩት።

«አካም ጅርቱ፣ አባባ» አልኳቸው።

«ፈያ» አሉ። ቀጥለው በአማርኛ «ልጄ፣ ይሄ ስንት ይጠጣል?» ብለው ጠየቁኝ።

ትክክለኛው ጥያቄ እሱ ነው። ከሰዓት ስመለስ ሱሉልታ ማደያ ሰልፍ ይዤ ሞላሁት፤ በቴሌብር ከፈልኩ። አሰላሁት። በሊትር 25 ኪሎ ሜትር ግድም ሄዷል፤ ያውም ከነዳገቱ። ታንኩ ከ17 ሊትር በላይ ይይዛል። ማደያው ሁሉ «ቤንዚን የለም» በሚልበት ሳምንት፣ አንዴ ሞልቶ 400 ኪሎ ሜትር ማሰብ መቻል ትልቅ ሰላም ነው።

ዓርብ

ከተማ ውስጥ ዋልኩ። ብዙ የሚባል የለም። ፍሪሲዮኑ ቀላል ስለሆነ በመገናኛ ሰልፍ ውስጥ ግራ እጄ አልደከመም። መስታወቶቹ ግን ሰፋ ያሉ ናቸው፤ በሚኒባሶች መካከል በ150ው የምሾልክበትን ቦታ ሁሉ አላገኘሁም። ሰፈሬ ኮብልስቶን ላይ አይንገጫገጭም።

ከሰዓት ወደ መርካቶ ሄጄ የጎማ ነገር ጠየቅኩ። የፊቱ 110/80 ባለ 19 ኢንች ነው፤ የኋላው 160/60 ባለ 17 ኢንች። የኋላውን ቁጥር ስናገር ባለ ሱቆቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዱ «ጋሼ፣ ይሄ ከዱባይ ነው የሚመጣው፤ ቀድመህ ማዘዝ አለብህ» አለኝ። ዘይት፣ ካንዴላ፣ ባትሪ ችግር አይደለም። ካቴናም በልኩ ይገኛል። ጎማና የፍሬን ሸራ ግን አስቀድሞ ማሰብ ይጠይቃል። ይህን ከዋጋው ጋር አብሮ ማስላት አለብኝ።

ቅዳሜ፦ ገፈርሳ፣ መናገሻ፣ ሱባ

ይህን ቀን ስጠብቀው ነበር። አስፋልት ላይ ጥሩ የሆነ ሞተር ብዙ ነው። ልዩነቱ የሚታየው አስፋልቱ ሲያልቅ ነው።

አስኮን፣ ቡራዩን አልፌ ገፈርሳ ግድብ ጋ ደረስኩ። ውሃው ላይ ጉም ተኝቷል። ከመናገሻ በኋላ ከዋናው መንገድ ወጥቼ በወጨጫ ተራራ ሥር ወደ ሱባ ጫካ በሚወስደው ፒስታ ገባሁ። የጤፍ አጨዳ ጊዜ ነው። አህዮች ጭድ ተጭነው መንገዱን ሞልተውታል። ጋሪ፣ ከብት፣ ሕፃናት፣ ውሻ። በዚህ መንገድ ላይ ፍጥነት የሚወስነው ሞተሩ ሳይሆን ቀጣዩ መታጠፊያ ጀርባ ያለው በሬ ነው።

መጀመሪያ ቁጭ ብዬ ነዳሁት። ከዚያ መርገጫው ላይ ቆምኩ። መሪው ለቁመቴ ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ረጅም ሰዓት ቢቆም ወገብ ይሰማዋል። ጉልበቶቼ ግን ታንኩን ጥሩ አድርገው ያዙ። ሁለተኛ ማርሽ ላይ አድርጌ፣ ነዳጁን እኩል እየሰጠሁ፣ ዓይኔን ራቅ አድርጌ ስነዳው ተረጋጋ። ኮረኮንቹ ላይ የፊቱ ጎማ ይንሸራተታል፤ ግን ቀስ ብሎ ነው፤ አስቀድሞ ይናገራል። ክብደቱ ዝቅ ብሎ ስለተቀመጠ ለማስተካከል ጊዜ አለ።

ክብደቱን በሁለት መንገድ ማየት ይቻላል። በሜዳ ፒስታ ላይ 200 ኪሎ መልካም ነገር ነው፤ ቀላሉ ሞተር በሚዘልበት ቦታ ይህ ተጭኖት ይሄዳል። ድንጋያማ ቁልቁለት ላይ ግን 200 ኪሎ 200 ኪሎ ነው። የገጠር ልማት ሠራተኞች በቀላል ያማሃ ሲወጡት የኖሩትን የእግር መንገድ በዚህ ልውጣ ማለት አይገባም። የተሠራውም ለዚያ አይደለም። ከ1,000 ሲሲ በላይ የሆኑት ትልልቅ የጉዞ ሞተሮች ደግሞ ከዚህም ይከብዳሉ። እነሱ ጭቃ ላይ ከወደቁ ብቻውን የሚያነሳ ሰው አላየሁም። ይህን ግን ጀርባዬን ሰጥቼ፣ በእግሬ እየገፋሁ አነሳዋለሁ። ግቢ ውስጥ ጭድ ላይ አስተኝቼ ሞክሬዋለሁ። ብቻውን የሚጓዝ ሰው ይህን ሙከራ ሳያደርግ ሞተር መግዛት የለበትም እላለሁ።

ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑን በደንብ ፈተንኩት። ኤቢኤስ አለው፤ ማጥፊያ የለውም። ኤቢኤስ ጎማው መሽከርከር ሊያቆም ሲል ፍሬኑን ለቅጽበት ይለቃል፤ መልሶ ይይዛል። እርጥብ አስፋልት ላይ ነፍስ አዳኝ ነው። ልቅ ጠጠር ላይ ግን ጎማው ትንሽ ተይዞ ጠጠሩን ቢቆልል ነበር ቶሎ የሚያቆመው። ኤቢኤሱ ይህን ስለሚከለክል ማቆሚያው ይረዝማል። መፍትሔው ቀላል ነው። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ መቀነስ፣ ሞተሩ ራሱ እንዲይዝ ማድረግ፣ ፍሬኑን ለማገዝ ያህል ብቻ መንካት። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ሁለቱ ሲሊንደሮች በሚገባ ይይዛሉ። ፍሪሲዮኑም ማርሽ በድንገት ሲወርድ የኋላ ጎማው እንዳይያዝ ትንሽ እንዲንሸራተት ተደርጎ የተሠራ ነው። ይህን እዚህ ቁልቁለት ላይ ነው ያደነቅኩት።

ሱባ በር ላይ ከፍዬ ገባሁ። ጫካውን በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ እንዳስተከሉት ይነገራል። የሐበሻ ጽዱ ግንድ ሰው አቅፎ አይጨርሰውም። ጉሬዛዎች ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላሉ። ሞተሩን አጥፍቼ ዳቦዬን በላሁ። ብዙ መቆየት አልቻልኩም፤ ጥላው ውስጥ ብርዱ ጠንካራ ነው።

ከዚያው ፒስታ ወጥቼ አስፋልቱን ስይዝ፣ ወዲያው 90 ላይ ሆኜ ወደ ከተማ እየተመለስኩ ነበር። ምንም አልቀየርኩም፤ ምንም አላስተካከልኩም። ይህን ሞተር የወደድኩት እዚች ላይ ነው። አዲስ አበባ ዙሪያ መንገዱ በአንድ ሰዓት ውስጥ አስፋልት ይሆናል፣ ፒስታ ይሆናል፣ ኮብልስቶን ይሆናል፣ መልሶ አስፋልት ይሆናል። ለአንዱ ብቻ የተሠራ ሞተር ግማሹን መንገድ ያሰቃያል።

እሑድ፦ መልካ ቁንጡሬ፣ አዳዲ ማርያም

የቀረኝ ሰው ጭኖ መሄድ ነው። ታናሽ ወንድሜን ከኋላ አስቀመጥኩት። 80 ኪሎ ይሆናል። ከመነሳታችን በፊት የኋላውን ሾክ በእርከን አጠነከርኩት፤ መፍቻው ከመቀመጫው ሥር አለ። ሳያጠነክሩ ሰው መጫን የሞተሩን ኋላ ያስቀምጠዋል፤ የፊት መብራቱም ሰማይ ያያል።

ዓለም ገና ላይ የቡታጅራን መንገድ ያዝን። ሜዳው ቢጫ ነው። እርሻው ዳር በሬዎች ጤፍ እየወቁ ነው፤ ገለባው በነፋስ ይነሳል። መልካ ቁንጡሬ ጋ አዋሽን ተሻገርን። የጥንት ሰው የድንጋይ መሣሪያዎች የተገኙበት ይህ ስፍራ ከባልጪት ጋር በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ከድልድዩ ብዙም ሳንርቅ የሞተሩ ኋላ መዋኘት ጀመረ። ቆምን። ምስማር። እዚህ ላይ የጎማው ዓይነት ዋጋ አገኘ። ቀጫጭን የብረት ዘንጎች ያሉት ቸርኬ ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ከነመዳሪ (የውስጥ ጎማ) ይኖረዋል፤ ጎማውን ማውለቅ፣ ከነመዳሪውን ማውጣት፣ መለጠፍ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ይህ ግን ከነመዳሪ የለውም። ቸርኬው አንድ ወጥ ነው። ከመንደሩ ያገኘነው ጎሚስታ ምስማሩን ነቅሎ፣ ቀዳዳውን ሞርዶ፣ ሙጫ የነካ የጎማ ገመድ አስገባ፣ ነፋ። ሻያችንን ሳንጨርስ አለቀ። እኔ ፒስታ ላይ በዘንግ የተሠራ ቸርኬ የተሻለ ነው ብዬ አምን ነበር፤ ድንጋይ ሲመታው አይሰበርም፣ ይታጠፋል፣ ይቃናል። አሁንም ለሩቅ ገጠር እሱን እመርጣለሁ። ለአዲስ አበባ ዙሪያ ግን ምስማሩ ከድንጋዩ ይበዛል።

ወደ አዳዲ የሚወስደው ጥርጊያ አቧራው ወፍራም ነው። ሰው ጭኖ ዱቄት አቧራ ላይ መንዳት ለዚህ ሞተር ከባዱ ፈተና ነበር። ፊቱ ቀለለ፤ መሪው መወላወል ጀመረ። ወንድሜን ወደ እኔ ጠጋ እንዲል ነገርኩት፤ ፍጥነቱን ወደ 30 አወረድኩ። ጭነት ሲኖር ፒስታ ላይ ያለው ደስታ ግማሹ ይቀንሳል። ዳገቱን ግን በሁለተኛ ማርሽ ያለ ጩኸት ወጣው፤ የሙቀት ማስጠንቀቂያ መብራቱም አልበራም።

አዳዲ ማርያም ከመሬት ወደ ታች ከአለት የተፈለፈለች ናት። ሥራዋን ለንጉሥ ላሊበላ ይሰጡታል። ቅዳሴው አልቆ ምእመናን ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ጫማችንን አውልቀን ገባን። ስንወጣ አንዲት እናት «ከአዲስ አበባ በዚህ ነው የመጣችሁት? በሉ ጠበል ቅመሱ» ብለው ዳቦ ቆረሱልን። ወንድሜ ስለ መቀመጫው ምን እንደሚል ጠየቅኩት። «እስከ መልካ ጥሩ ነበር፤ ከዚያ በኋላ አጥንቴ ተሰማኝ» አለ። የኋላ መቀመጫው ጠባብና ጠንከር ያለ ነው። ለከተማ ይበቃል። ለረጅም መንገድ ስፖንጁን ማስጨመር ያስፈልጋል።

ሰኞ

ሞተሩን አጥቤ መለስኩ። ካቴናውን አጽድቼ ዘይት ቀባሁት፤ የአዳዲ አቧራ ውስጡ ገብቶ ነበር። ወዳጄ «እህስ?» አለኝ።

እንደምወደው ነገርኩት። የምፈልገውንም ዘረዘርኩለት። የኋላው ጎማ አልቋል፤ አዲስ ለማስመጣት የሚወጣው ከዋጋው ይቀነስ። የሞተሩ ሆድ መከላከያ የለውም፤ በዱርባ መንገድ ጠጠሩ ሲመታው ሰምቻለሁ። ብረት ቤት ላሠራለት ነው። የከተማው ፈቃድ ወደ እኔ ስም መዞር መቻሉ ደግሞ ገንዘብ ሳይከፈል በፊት ይረጋገጥ።

በጎማው ተስማማን። ፈቃዱን አብረን ሄደን ልንጠይቅ ለረቡዕ ተቀጣጠርን። ዋጋው ላይ ግን ገና አልተገናኘንም።